ክብረ ወሰን ከወሰን ምድር

«ክብረ ወሰን» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። እንግሊዞች «ሪከርድ» ሲሉ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ማለታቸው ነው፤ ቃሉ የጸሐፊና የመዝገብ ቤት ቃል ነው። የእኛው ግን ከመሬት የተነሣ ነው። ወሰን የእርሻ ድንበር ነው፤ የአገር ዳርቻ ነው፤ «ከዚህ ወዲያ አይታለፍም» የሚል ምልክት ነው። ወሰን መግፋት በመንደር ነውር ሲሆን በሩጫ ሜዳ ግን ክብር ሆኖ ይቆጠራል። ማንም ያልረገጠውን ረግጦ ምልክቱን አንድ ጋት ወደ ፊት የተከለ ሰው ክብረ ወሰን ሰበረ ይባልለታል።

ዛሬ ይህን ቃል ይዤ ወደ አንድ የወሰን ምድር ልሂድ፤ ውድ አንባቢያን ተከተሉኝ።

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የኢትዮጵያ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። በምዕራብ ከሱዳን ጋር ይዋሰናል፤ ይህም ድንበር በስምምነት የተወሰነው ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ሜይ 15 ቀን 1902 በተፈራረሙት ውል ነው። (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።) በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው፣ ከእነርሱም ጋር ከየአቅጣጫው የመጣው ሌላው ሕዝብ የሚኖርበት ክልል ነው። ዓባይ ከአገር የሚወጣው በዚሁ ምድር ነው። ርእሰ ከተማው አሶሳ በማንጎው፣ አካባቢው በቀርከሃ ደኑና ከወንዝ አሸዋ ታጥቦ በሚወጣ ወርቁ ይታወቃል። ከዚህ ውጭ የክልሉ ስም በዜና ሲጠራ የኖረው በሁለት ነገር ነው፦ ጉባ ላይ በተሠራውና በሴፕቴምበር 2025 በተመረቀው ታላቅ ግድብ፣ እንዲሁም በመተከል በፈሰሰው ደም። ውኃና ደም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚኖር ሰው በዜና አይሰማም።

ከዚህ ክልል ግን አንዲት ሴት ወጥታለች። አልማዝ አያና ትባላለች። ኖቬምበር 21 ቀን 1991 በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተወለደች፤ በሃያ አራት ዓመቷም ለ23 ዓመታት ማንም ሊጠጋው ያልቻለውን የሴቶች የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ስለ እርሷ የምጽፈው ድሏን ለመዘርዘር ብቻ አይደለም። የአንዲት ሴት ሩጫ ታሪክ ሆኖ እንዲቀመጥ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ እንድትሮጥ የሚፈቅድ ደንብ፣ የሮጠችውን የሚይዝ መዝገብ፣ መዝገቡን አይቶ የሚመሰክር ተመልካች። ሦስቱ አንድ ላይ የተገናኙት ዘግይተው ነው፤ የተገናኙትም ገና ላልተው ነው። የአልማዝ ታሪክ ይህን ከሁሉ አጉልቶ ያሳየኛል።

ደንብ

በመጀመሪያ ከሩጫ ወጣ ብዬ ወደ ቅርጫት ኳስ ልግባ፤ ምክንያቱም በሴት ላይ የተሰመረ ወሰን በዓይን የሚታየው እዚያ ነው። ጨዋታውን ጄምስ ናይስሚዝ በ1891 መጨረሻ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ፈጠረው። ብዙም ሳይቆይ እዚያው አቅራቢያ ባለው በስሚዝ ኮሌጅ ታስተምር የነበረችው ሴንዳ በረንሰን ለሴት ተማሪዎቿ አመጣችው። የአመጣችው ግን አሻሽላ ነው። ሜዳውን በመስመር ለሦስት ከፈለችው፤ እያንዳንዷ ተጫዋች ከተመደበችበት ክፍል እንዳትወጣ፣ ኳስ ከሌላው እጅ እንዳትነጥቅ፣ ከሦስት ሰከንድ በላይም እንዳትይዝ ደነገገች። በረንሰን የሴቶች ጠላት አልነበረችም፤ እንዲያውም ሴት ልጅ ሰውነቷን እንድታጠነክር ከታገሉት አንዷ ነበረች። ዘመኑ የሴት ልብና ማኅፀን ብዙ ሩጫ አይችልም ብሎ ያምን ስለ ነበር፣ ጨዋታው ጨርሶ እንዳይከለከል ስትል ሩጫውን በመስመር አጠረችው። በር ለመክፈት ሲባል የተሠራ አጥር ነበር።

አጥሩ ግን ከሠሪው ዕድሜ በላይ ኖረ። በአሜሪካ አይዋ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶች ስድስት ስድስት ሆነው፣ ሦስቱ አጥቂ ሦስቱ ተከላካይ ተብለው፣ ከመካከለኛው መስመር ሳያልፉ ሲጫወቱ ኖረዋል። ተከላካይ የሆነች ልጅ የጨዋታ ዘመኗን ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቅርጫቱ ሳትወረውር ልትጨርስ ትችል ነበር። ይህ ደንብ በአይዋ ፈጽሞ የቀረው በ1993 ነው። የወንዶች ቅርጫት ኳስ ኦሊምፒክ የገባው በ1936 ሲሆን የሴቶቹ የገባው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1976 በሞንትሪያል ነው። ዛሬ በዓለም ስመ ጥር የሆነው የአሜሪካ የሴቶች የሙያ ሊግም የመጀመሪያ ጨዋታውን ያካሄደው በጁን 1997 ነው።

በሩጫም ወሰኑ ያው ነበር፤ ልዩነቱ በሩጫ የሚሰመረው በርቀት ላይ መሆኑ ነው። በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ 800 ሜትር እንዲሮጡ ተፈቀደላቸው። ለፍጻሜው ዘጠኝ ሴቶች ተሰለፉ፤ ዘጠኙም ጨረሱ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበች። ጋዜጦች ግን ሌላ ነገር ጻፉ፦ ሴቶቹ መሬት ላይ ወደቁ፣ ተዝለፈለፉ፣ ግማሾቹም አቋርጠው ወጡ አሉ። ወንድ ሯጭ ከውድድር በኋላ ሜዳ ላይ ሲዘረጋ «ያለውን ሁሉ ሰጠ» ይባልለታል፤ ሴት ስትዘረጋ ግን «አልቻለችም» ተባለ። በዚህም ምክንያት ከ200 ሜትር የበለጠ ርቀት ለሴቶች ከኦሊምፒክ ተሰረዘ። 800 ሜትር የተመለሰው በ1960 በሮም ነው፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ባሸነፈበት በዚያው ኦሊምፒክ። ከ1928 እስከ 1960 ሠላሳ ሁለት ዓመት ነው። ስንት ሴት በዚያ ዘመን መካከል ተወልዳ፣ መሮጥ የሚችል እግር ይዛ፣ ሳትሮጥ አረጀች?

ከዚያ በኋላም ወሰኑ የተገፋው በጋት በጋት ነው። የሴቶች ማራቶን በ1984 በሎስ አንጀለስ ገባ፤ የ10 ሺህ ሜትር ደግሞ በ1988 በሴኡል። ኢትዮጵያ በሁለቱም ኦሊምፒኮች በፖለቲካ ምክንያት አልተገኘችም ነበርና የመጀመሪያው የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ያለ እኛ ተሮጠ። በ1992 በባርሴሎና ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ርቀት ስትሰለፍ ደራርቱ ቱሉ ወርቁን ወሰደች። ከ1988 እስከ 2016 የዚህ ርቀት የኦሊምፒክ ፍጻሜ ስምንት ጊዜ ተካሂዷል፤ ከስምንቱ አምስቱን ኢትዮጵያውያት ወስደዋል፦ ደራርቱ በ1992 እና በ2000፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 እና በ2012፣ አልማዝ በ2016። ደንቡ በሩን ሲከፍት ከበሩ አጠገብ ቆመው ይጠብቁ የነበሩ እግሮች እንደ ነበሩ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

አልማዝ ስትወለድ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር በኦሊምፒክ የተሮጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሩጫን የጀመረችበት የ3 ሺህ ሜትር መሰናክልም ለሴቶች ኦሊምፒክ የገባው በ2008 ነው። እንግዲህ ይህች ልጅ ብዙ ዓመት ቀደም ብላ ብትወለድ ኖሮ፣ ያው እግርና ያው ሳንባ ኖሯት፣ ስሟ ከሰፈሯ አይወጣም ነበር። ተሰጥኦ ከእግዚአብሔር ነው እንላለን፤ የሚታይበትን ሜዳ የሚሰጠው ግን ደንብ ነው።

መዝገብ

የኢትዮጵያን ሩጫ የሚያውቅ ሰው ወርቅ የሚጠብቀው ከደጋ ነው። የደራርቱና የጥሩነሽ አገር በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ይላል፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ አየሩ ስስ ነው። አሶሳ የተቀመጠችው 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን አብዛኛው የክልሉ መሬት ከዚያም ዝቅ ያለና ሞቃት ነው። አልማዝ ከዚህ ክልል መውጣቷ ራሱ የተለመደውን ካርታ ያናጋል።

በ2010 በካናዳ ሞንክተን በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል አምስተኛ ወጣች። አምስተኛ የወጣን ሰው ማንም አያስታውስም። መሰናክሉን ትታ ወደ 5 ሺህ ሜትር ዞረች፤ በ2013 በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና ከመሠረት ደፋርና ከኬንያዊቷ መርሲ ቼሮኖ ቀጥላ ነሐስ አገኘች። በ2015 በቤጂንግ በ14 ደቂቃ ከ26.83 ሰከንድ በሻምፒዮናው ክብረ ወሰን የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ሰንበሬ ተፈሪ ሁለተኛ፣ ገንዘቤ ዲባባ ሦስተኛ ሆነው ሦስቱም ሜዳሊያዎች ወደ አንድ አገር መጡ።

በጁን 2016 መጨረሻ በኔዘርላንድ ሄንገሎ በመም ላይ የመጀመሪያዋን 10 ሺህ ሜትር በ30 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሮጠች። ሁለተኛዋን የሮጠችው ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ኦገስት 12 ቀን 2016 (ነሐሴ 6 ቀን 2008 ዓ.ም.) በሪዮ ኦሊምፒክ ነው።

ያን ሩጫ ያየ አይረሳውም፤ እኔም አልረሳውም። ኬንያዊቷ አሊስ አፕሮት ከመነሻው አንሥታ ፍጥነቱን አከረረችው። የመጀመሪያው 5 ሺህ ሜትር በ14 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ገደማ አለፈ፤ ይህ ብቻውን ለብዙዎች የዕድሜ ልክ ምኞት ነው። ከእኩሌታው ጥቂት አለፍ ብሎ አልማዝ ወጣች። ዘወር ብላ አላየችም፤ ፊቷም አልተለወጠም። ሁለተኛውን 5 ሺህ ሜትር በ14 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ገደማ ሮጠችው፤ ዓምና በቤጂንግ ወርቅ ካገኘችበት የ5 ሺህ ሜትር ሰዓት የዘገየችው አራት ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፣ ያውም ሌላ 5 ሺህ ሜትር ከሮጠች በኋላ። አሯሯጭ አልነበረም፤ በኦሊምፒክ አሯሯጭ አይፈቀድምና። ሃያ አምስቱን ዙር በአማካይ እያንዳንዱን በ70 ሰከንድ እየዞረች በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ገባች።

የነበረው ክብረ ወሰን ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ በሴፕቴምበር 1993 በቤጂንግ ያስመዘገበችው 29 ደቂቃ ከ31.78 ሰከንድ ነበር። አልማዝ ያሻሻለችው በ14.33 ሰከንድ ነው። ሁለቱ በአንድ መም ላይ ቢሮጡ ኖሮ አልማዝ ስትገባ ዋንግ ገና ሰማንያ ሜትር ያህል ይቀራት ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ የወጣችው ቪቪያን ቼሩዮት እንኳ የአሮጌውን ክብረ ወሰን ጫፍ ልትነካ የቀራት ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ጥሩነሽ ዲባባ ሦስተኛ ሆነች፤ አራት ሴቶች ከ30 ደቂቃ በታች ገቡ፤ ስድስተኛ የወጣችው ሞሊ ሃድል የአሜሪካን ክብረ ወሰን ሰበረች። አንዲት ሴት ወሰኑን ስትገፋ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ አብረው ወደ ፊት ሄዱ።

የዚያ ዓመት የዓለም ምርጥ ሴት አትሌት ሆና ተመረጠች፤ በወንዶች በኩል የተመረጠው ዩሴን ቦልት ነበር። በ2017 ጉዳት አስቀምጧት ከከረመች በኋላ፣ በዓመቱ አንድም ውድድር ሳትሮጥ ለንደን ሄዳ 10 ሺህ ሜትርን ሁለተኛ ከወጣችው ከጥሩነሽ በ46 ሰከንድ ቀድማ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ይህ በሜዳ ላይ ሩብ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ተመልካች

መዝገቡ ይህን ይመስላል። ተመልካቹስ?

የሪዮው ሩጫ የተካሄደው በአትሌቲክሱ የመጀመሪያ ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ከቀኑ 11 ሰዓት አልፎ ስለ ነበር ብዙ ኢትዮጵያዊ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተገኝቷል። በስታዲየሙ ውስጥ ግን ብዙ ወንበሮች ባዶ ነበሩ። በሴቶች ረጅም ሩጫ ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው ውድድር የተሮጠው በባዶ ወንበር ፊት ነው።

ከባዶው ወንበር የከፋው ግን ጥርጣሬው ነው። ሰዓቱ ገና ሳይቀዘቅዝ «ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ከኋላዋ ሮጣ የራሷን ምርጥ ሰዓት ያስመዘገበች አንዲት ስዊድናዊት ሯጭ አላምንም አለች። ጥርጣሬው ከምንም የመነጨ ነው አልልም። የተሰበረው የዋንግ ክብረ ወሰን ራሱ ለዓመታት ሲጠረጠር የኖረ ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበረውን የኖርዌያዊቷን የኢንግሪድ ክሪስቲያንሰንን ሰዓት በአንድ ጊዜ በ42 ሰከንድ የቆረጠ ነበርና። በዚያው በ2016 መጀመሪያም ዋንግ ከጓደኞቿ ጋር ፈርማበታለች የተባለ፣ በአበረታች ቅመም መገደዳቸውን የሚናገር የቆየ ደብዳቤ በቻይና መገናኛ ብዙኃን ወጥቶ ነበር። አልማዝ ስትጠየቅ አበረታቼ ልምምዴና እምነቴ ነው ብላ መለሰች። በሩጫ ዘመኗ በአበረታች ቅመም ተከሳ አልተቀጣችም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ተመልካቹ የአልማዝን ያለፈ መንገድ አያውቀውም ነበር። የሞንክተኑን አምስተኝነት፣ የሞስኮውን ነሐስ፣ የቤጂንጉን ወርቅ ደረጃ በደረጃ የተከተለ ሰው ሪዮ ላይ ቢደነቅ እንኳ መሠረቱን ያያል። ያልተከተለ ሰው ግን ከየት መጣች ሳይባል ከፊቱ የቆመች አንዲት ሴትና አንድ የማይታመን ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው። ታሪኩ ያልተተረከለት ሰው ድሉ ይጠረጠራል። በቤኒሻንጉል ወንዞች ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች አሸዋውን ሲያጣሩ ውለው ፍሬዋን ይዘው ገበያ ሲወጡ፣ ገዢው የሚያየው ፍሬዋን እንጂ የታጠበውን አሸዋ አይደለም።

የተመልካች ነገር ደግሞ ተመልሶ ደንብን ይነካል። በ2019 ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር የዳይመንድ ሊግ ውድድር በቴሌቪዥን በ90 ደቂቃ እንዲያልቅ፣ የሚሮጠውም ረጅሙ ርቀት 3 ሺህ ሜትር እንዲሆን ወሰነ። 5 ሺህ ሜትር ለተመልካች ይረዝማል ተባለ፤ በዚሁ ዓመት የ3 ሺህ ሜትር መሰናክልም ከዋናው ዝርዝር ወጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ቁጣ ተነሣ፤ ውሳኔውም ኋላ ላላ፤ ሁለቱም ርቀቶች ተመለሱ። ነገሩን ግን ልብ እንበለው፦ በ1928 ርቀቱ ለሴቷ ይረዝማል ተብሎ ተሰረዘ፤ በ2019 ለተመልካቹ ይረዝማል ተብሎ ሊሰረዝ ነበር። ደንብ የከፈተውን በር ተመልካች ሊዘጋው ይችላል። ከተዘጋም የሚዘጋው በበቆጂና በቤኒሻንጉል ልጆች ላይ ነው።

«ሕዝብ የሴት ውድድር አያይም» የሚለው አባባል ግን እውነት እንዳልሆነ ያው ቅርጫት ኳስ ያስረዳናል። ልጃገረዶች እስከ 1993 ድረስ ከመካከለኛው መስመር አይለፉ በተባለባት በአይዋ የተወለደችው ኬትሊን ክላርክ፣ በ2024 በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ከፍተኛ ምድብ የወንዱንም የሴቱንም የነጥብ ክብረ ወሰን አለፈች፤ የዩኒቨርሲቲ ዘመኗን የጨረሰችው በ3,951 ነጥብ ነው። ቡድኗ ኤፕሪል 7 ቀን 2024 ለፍጻሜ ከደቡብ ካሮላይና ጋር ሲጫወት 18.9 ሚሊዮን ሰው በቴሌቪዥን ተመለከተው። በማግሥቱ የተካሄደውን የወንዶቹን ፍጻሜ ያየው 14.8 ሚሊዮን ነበር። ሕዝቡ በአንድ ሌሊት አልተለወጠም። ጨዋታው በጥሩ ሰዓት ታየ፤ ተጫዋቿን ከጨዋታ ጨዋታ ተከተሏት፤ ታሪኳ ተተረከ። ተመልካች እንደ ዝናብ ከሰማይ አይወርድም፤ እንደ ማሳ ታርሶ የሚገኝ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ የጸሐፍት ዕዳ ይመጣል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። አንዲት የአሶሳ ልጅ ማመልከቻ የምትጽፈው በዚህ ቋንቋ ነው። በዚሁ ቋንቋ ስለ አገሯ ስታነብ ግን የምታገኘው ስለ ግድቡ፣ ስለ ወርቁና ስለ ግጭቱ ነው። ከክልሏ የወጣች አንዲት ሴት የሰው ልጅን ወሰን እንደ ገፋች የሚተርክላት ካልተገኘ፣ ባዶው ወንበር የሪዮ ብቻ አይሆንም፤ የእኛም ነው።

ወሰን ሲገፋ

የአልማዝ ሰዓት በዓለም ክብረ ወሰንነት አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ጁን 6 ቀን 2021 አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በሄንገሎ በ29 ደቂቃ ከ6.82 ሰከንድ ሰበረችው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በዚያው መም ላይ፣ ለተሰንበት ግደይ በ29 ደቂቃ ከ1.03 ሰከንድ የሲፋንን ሰበረች። ሄንገሎ አልማዝ የመጀመሪያዋን 10 ሺህ ሜትር የሮጠችባት ከተማ መሆኗን ልብ ይሏል። በሜይ 2024 ደግሞ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት በ28 ደቂቃ ከ54.14 ሰከንድ ከ29 ደቂቃ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከሪዮ ወዲህ የጫማው ሥሪት ተለውጧል፤ በመሙ ጠርዝ ፍጥነት የሚያሳዩ መብራቶች መጥተዋል፤ ደንቡም ፈቅዷቸዋል። የኦሊምፒኩ ክብረ ወሰን ግን ቶኪዮም ፓሪስም አልነኩትም፤ ያው 29፡17.45 እንደ ተተከለ ነው።

የተሰበረ ክብረ ወሰን የጠፋ የሚመስላቸው አሉ። እኔ እንዲህ አላየውም። ወሰን የሚገፋው ከተተከለበት ነው። ለተሰንበትና ቢያትሪስ የገፉት ከዋንግ ሰዓት ተነሥተው ሳይሆን አልማዝ ከተከለችው ምልክት ተነሥተው ነው።

አንድ ነገር ላክልና ላብቃ። አልማዝ ከረጅም ጉዳት በኋላ፣ ብዙዎች አበቃላት ባሉ ጊዜ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 2022 የመጀመሪያዋን ማራቶን ሮጠች። በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አሸነፈች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በመጀመሪያ ማራቶኗ እንዲህ የፈጠነች ሴት አልነበረችም። ሁለተኛዋ ገንዘቤ ዲባባ፣ ሦስተኛዋ ፀሐይ ገመቹ ነበሩ። ይህም ሰዓት ሁለት ወር ሳይሞላው በቫሌንሲያ በለተሰንበት ተሻሻለ።

ውድድሩ የአምስተርዳም ማራቶን ነበር። የአምስተርዳም ማራቶን የሚነሣውም የሚያልቀውም በአሮጌው የኦሊምፒክ ስታዲየም ውስጥ ነው። በ1928 ዘጠኝ ሴቶች 800 ሜትር ሮጠው የጨረሱበት፣ ከዚያም 800 ሜትር ለሴት ይበዛባታል የተባለበት ስታዲየም ይኸው ነው። ከዘጠና አራት ዓመት በኋላ የቤኒሻንጉል ጉሙዟ ልጅ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጣ በዚያው በር ገባች። አልወደቀችም።